እንዶድና የቅኔ ጉባኤ
በጎጃም፣ በዋሸራም ሆነ በዲማ ጊዮርጊስ፣ የቅኔ ጉባኤ ብዙ ጊዜ ከዛፍ ጥላ ሥር ይዘረጋ ነበር፤ ተማሪው ቀኑን የደጋውን ንጹሕ አየር ሲስብ ይውል ነበር። ልብሱን የሚያጥበው በእንዶድ ነበር፤ የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ሲነካው ነጭ አረፋ ይደፍቃል። «ዘመኑ የቅማልና የተስቦ አልነበረም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ማታ የሚጠለልባት ጎጆም መስኮት አልባ፣ ጭስ ያፈናት ነበረች። ጥፋቱ ግን የድህነትና የመታፈን እንጂ የእንዶዱ አይደለም። የተፈጥሮ ነውና ጉዳት የለውም ማለትም ስሕተት ነው፦ ተመራማሪው አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ እንዳስተዋሉት፣ በእንዶድ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተገኝተዋል፤ ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ ለዛሬው የደብረ ማርቆስ መማሪያ ክፍል ከጉባኤው አስቀድሞ መወረስ ያለበት እንዶዱ ሳይሆን አየሩ ነው፤ በረኪና ከመርጨት በፊት መስኮት መክፈት፣ አቧራ ከማቦነን በፊት ወለሉ ላይ ውሃ ማርከፍከፍ።