«ሙዚቃ ለፕራግ 1968»፤ ስለ እምቢ ባይነት ለተማሪዎች የተደረሰ ሥራና ትምህርታዊ ጠቀሜታው

እንደሚታወቀው በብዙ አገሮች የትምህርት ቤት የትንፋሽ መሣሪያዎች ጓድ የሚቋቋመው በአመዛኙ በዓላትን ለማድመቅ፣ ሰልፍን ለማጀብና ብሔራዊ መዝሙርን ለማሰማት ነው። በዚህም የተነሣ ለተማሪዎች የሚደረሰው ሙዚቃ አጭር፣ ደማቅና ለጆሮ የቀለለ እንዲሆን ይፈለጋል። ይሁን እንጂ ወጣቶች የአንድን ሕዝብ መከራና እምቢ ባይነት የሚያህል ከባድ ጉዳይ በመሣሪያቸው ሊሸከሙ ይችላሉ ወይስ አይችሉም የሚለው ጥያቄ የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችን ሁሉ የሚመለከት ነው። ለዚህ ጥያቄ የካሬል ሁሳ ድርሰት ታሪክ በቂ መልስ ይሰጣል።

ካሬል ሁሳ እ.ኤ.አ. በ1921 በፕራግ ከተማ ተወለደ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1946፣ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ፓሪስ ሄዶ ሳለ በአገሩ የመንግሥት ለውጥ በመደረጉ ሳይመለስ ቀረ። በ1954 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በኢታካ ከተማ በሚገኘው በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ፤ ከአምስት ዓመት በኋላም የአሜሪካ ዜግነት አገኘ።

በጥር 1968 በቼኮስሎቫኪያ የተጀመረው የለውጥ እንቅስቃሴ የፕራግ ጸደይ በመባል ይታወቃል። እንቅስቃሴው ስምንት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ ነሐሴ 20 ቀን ለ21 አጥቢያ፣ በሶቪየት ኅብረት የሚመራው የዋርሶ ቃል ኪዳን ሠራዊት ወደ አገሪቱ ገባ። ሁሳ ወሬውን የሰማው ከትውልድ ከተማው በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በካዩጋ ሐይቅ ዳርቻ ሆኖ፣ ከራዲዮ ነበር። የኢታካ ኮሌጅ ለተማሪዎቹ የትንፋሽ መሣሪያዎች ጓድ አንድ ሥራ እንዲደርስለት አዝዞት ስለ ነበር፣ ኀዘኑንና ቁጣውን ያሰፈረው በዚሁ ድርሰት ላይ ነው። ሥራው ጥር 31 ቀን 1969 በዋሽንግተን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው በሙዚቃ መምህራን ጉባኤ ላይ መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል።

ድርሰቱ አራት ክፍሎች አሉት። መሠረቱም በ15ኛው ምዕተ ዓመት ሁሳውያን የተባሉት የያን ሁስ ተከታዮች ይዘምሩት የነበረው የጦር መዝሙር ነው። ይህ ዜማ ለቼክ ሕዝብ የእምቢ ባይነትና የተስፋ ምልክት ሆኖ በመኖሩ፣ ከሁሳ በፊት ስሜታናም «አገሬ» በተባለው ታላቅ ሥራው ተጠቅሞበታል። ሁሳ ግን ዜማውን ከዳር እስከ ዳር አላስቀመጠውም። መጀመሪያ በቲምፓኒ ከበሮ በለሆሳስ ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ፍርስራሹ እዚህም እዚያም ብቅ ይላል፤ በመጨረሻም ጓዱ በሙሉ በአንድ ድምፅ ያሰማዋል፤ ያም ሆኖ አይጠናቀቅም። ከዚህ የምንረዳው የዜማው ጎደሎነት ራሱ መልእክት መሆኑን ነው፤ ያልተፈጸመ ነጻነት በተፈጸመ ዜማ ሊነገር አይችልምና።

ሌሎቹም ምልክቶች ግልጽ ናቸው። ድርሰቱ ሲከፈት ለብቻዋ የምትሰማው ፒኮሎ የወፍን ድምፅ ትመስላለች፤ የነጻነት ምሳሌ ናት። ፕራግ በማማዎቿ የታወቀች ከተማ በመሆንዋ የደወል ድምፅ አንድ ጊዜ ለጭንቅ፣ ሌላ ጊዜ ለድል ይሰማል። ሦስተኛው ክፍል ያለ አንዳች የትንፋሽ መሣሪያ፣ በምት መሣሪያዎች ብቻ የሚከናወን ነው። ብዙውን ጊዜ ከኋላ ተቀምጦ ተራውን ሲቈጥር የሚውለው ተማሪ በዚህ ክፍል የድርሰቱ ዋና ተናጋሪ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ሥጋት መነሣቱ አይቀርም። ስለ እምቢ ባይነት የሚደረስ ሙዚቃ በቀላሉ ወደ መፈክርነት ሊለወጥ፣ ወጣቱንም ጥላቻ ሊያስተምረው ይችላል። የሁሳ ሥራ ግን ጠላትን በስም አይጠራም፤ የሚያሰማው የተወሰደውንና የሚናፈቀውን ነው። ስለዚህም የተለያየ አመለካከት ያላቸው ወጣቶች በአንድነት ሊጫወቱት ችለዋል። ድርሰቱ የተጻፈላት ከተማ ግን ብዙ መጠበቅ ነበረባት፤ ሁሳ በፕራግ ቆሞ ሥራውን የመራው፣ የአገሪቱ ሥርዓት ከተለወጠ በኋላ፣ በየካቲት 1990 ነበር። በ1968 ያጠኑት ተማሪዎች በዚያን ጊዜ የጎልማሳነት ዕድሜ ላይ ደርሰው ነበር።

የትንፋሽ መሣሪያና የመከራ ትዝታ መገናኘት ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ወጣቶች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥቱን የሙዚቃ ጓድ አቋቁመዋል። ከዕልቂት የተረፉት እነዚህ ወጣቶች የተሰጣቸው ተግባር በአመዛኙ የመንግሥት ሥነ ሥርዓትን ማጀብ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ለመምህሩና ለዕቅድ አውጪው የሚተርፈው ትምህርት ከባድ መሣሪያ ወይም ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። አንደኛ፣ መነሻው ሕዝቡ የሚያውቀው ዜማ ሊሆን ይገባል። ሁለተኛ፣ ተማሪዎች መሣሪያ ከማንሣታቸው በፊት የዜማውን ታሪክ ከታሪክ መምህራቸው ጋር ሊያጠኑት ያስፈልጋል፤ ይህም ሁለቱን የትምህርት ዓይነቶች ያስተሳስራል። ሦስተኛ፣ ደካማ የሚባለው ተማሪ እንኳ ትርጉም ያለው ድርሻ ሊሰጠው ይገባል፤ አንዲት የደወል ምት በሰዓቷ ከተመታች ከብዙ ፈጣን ድምፆች የበለጠ ትናገራለችና። ወጣቱ የሚጫወተው ነገር ምን እንደ ሆነ ካወቀ፣ ክብደቱን ለመሸከም ትከሻው አይጠብም።