ዜና ቶሺሮ ሚፉኔ

የጃፓናዊውን ተዋናይ የቶሺሮ ሚፉኔን ዜና እንጽፋለን፤ የዘመኑም ቁጥር እንደ ፈረንጆች ነው። በ1920 በቻይና በቺንግዳው ከተማ ተወለደ፤ በዳልያን አደገ። ለዘመቻ በተጠራ ጊዜም ከአውሮፕላን የሚነሣ ፎቶግራፍ ከሚሠሩት ወታደሮች ጋር አኖሩት።

ጦርነቱ አልቆ ቶኪዮ አመድ ለብሳ ሳለች፣ በ1946 የካሜራ ረዳት ሆኖ እንጀራ ሊበላ ለቶሆ ፊልም ኩባንያ አመለከተ። የተጠራው ግን ለአዲስ ተዋንያን ፈተና ነበረ። ተቆጣ ቢሉት ቁጣው ዳኞቹን አስደነገጠ፤ ሥርዓት የለሽ ነው ብለው ሊጥሉት ወደዱ። ያማሞቶ ካጂሮ የሚባል አንጋፋ አዘጋጅ ዋስ ሆኖ አስገባው። ይህንም ሁሉ የፊልም አዘጋጁ አኪራ ኩሮሳዋ ቆሞ አየ።

በ1948 ኩሮሳዋ በ«ሰካራሙ መልአክ» አሠራው። ከዚያ ወዲህ እስከ 1965 ድረስ ሁለቱ 16 ፊልም አብረው ሠሩ። በ1950 «ራሾሞን» ወጣ፤ በማግሥቱም ዓመት በቬኒስ የወርቅ አንበሳ ተሸለመ።

ከሁለቱ ፊልሞች አንዱ የሆነው የ«ሰባቱ ሳሙራይ» ነገር እንዲህ ነው። ለሚፉኔ መጀመሪያ የታሰበለት የዝምተኛው የሰይፍ ሊቅ የክዩዞ ቦታ ነበረ። ኋላ ግን ጭምቶቹ ስድስት ሳሙራዮች ብቻቸውን አይበቁም ተባለና ኪኩቺዮ ተጨመረ፤ እርሱም ለሚፉኔ ተሰጠ። ኪኩቺዮ የገበሬ ልጅ ሲሆን ሳሙራይ ነኝ ባይ ነው። የሌላ ሰው የዘር ሐረግ የተጻፈበትን ጥቅልል ይዞ ቢመጣ፣ በጽሕፈቱ ዕድሜው 13 ዓመት ሆኖ ተገኘና ሳቁበት። በመጨረሻው ውጊያ ግን ጥይት ከመታው በኋላ የተኮሰበትን ሽፍታ ገድሎ ወደቀ፤ ከሳሙራዮቹም ጋር ተቀበረ። በማይጠራበት በር መግባትን ሚፉኔ ከራሱ ሕይወት ያውቀው ነበረ።

በ1957 በኩሮሳዋ «ሸረሪት ድር አምባ» የቀስተኞች እውነተኛ ፍላጻ በአጠገቡ አለፈ፤ በፊቱ የታየው ፍርሃት ሁሉ ትወና ብቻ አልነበረም። በ1961 በ«ዮጂምቦ»፣ በ1965 በ«ቀይ ጢም» ቬኒስ የምርጥ ተዋናይነትን ክብር ሁለት ጊዜ ሰጠችው። ለኋለኛው ፊልም ጢሙን አሳድጎ ሥራው እስኪያልቅ ረጅም ጊዜ ቆየ። ከዚያም ወዲያ ከኩሮሳዋ ጋር ተለያዩ፤ ዳግመኛም አብረው አልሠሩም።

ሚፉኔ በውጭ አገርም ሠራ፤ በ1980 በ«ሾገን» የቴሌቪዥን ድራማ ጌታ ቶራናጋን ሆነ። በ1997 ታኅሣሥ በ77 ዓመቱ አረፈ። ኩሮሳዋም ዓመት ሳይሞላ ተከተለው።