የጓዳዋ እንግዳ

ጠጋ በሉ ወገኖቼ፣ ዝናቡ እስኪያባራ አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

ነሐሴ መግቢያ ላይ ነው። አንዲት ግራጫ የድመት ግልገል በዘንቢል ይዤ ከደብረ ብርሃን ተነሣሁ፣ ዘንቢሉንም በነጠላ ሸፈን አደረግሁት፣ ጫጫንም አለፍን፣ ሸኖ ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሾፌሩ መብራት አብርቶ አዘገመ፣ ከዚያም አለልቱን፣ ከዚያም ሰንዳፋን አልፈን፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህሉን ጨርሰን አዲስ አበባ ስንገባ ግልገሏ ከጩኸት ብዛት ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር።

አክስቴ ቤት ሁለት ድመቶች አሉ፤ አሮጊቷ ዳማና ወንዱ ቡሬ። እኔ ደስታዬ አስቸኩሎኝ ዘንቢሉን ሳሎን መሐል ከፈትሁት። ዳማ ጀርባዋን አጎበጠች፣ ጭራዋን ነፋች፣ ቡሬም ተወረወረ፣ ግልገሏም ቁም ሳጥኑ ሥር ገብታ እስከ ማታ አልወጣችም።

አክስቴ አልተቆጣችኝም። “ልጄ፣ ቡናም በአንድ ስኒ አያልቅ” አለችኝ።

አቦሉ ሽታ ሆነ። ግልገሏን ጓዳ አስገባቻት፣ ውሃና ምግብ፣ አሸዋ የሞላ ሳፋም ለብቻዋ አኖረችላት፣ በሩንም ዘጋች። እንስሳት ሐኪም ዘንድም ወሰድናት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛልና ተከተበች። ከዚያም፣ ድመት ከዓይኗ ይልቅ አፍንጫዋን ታምናለችና፣ ግልገሏ የተኛችበትን ጨርቅ ለእነዳማ፣ የእነሱን ለእሷ አነጠፈች።

ቶናው ማዕድ ሆነ። በሩ እንደተዘጋ እሷ ከወዲያ፣ እነሱ ከወዲህ በሉ፤ ሲረጋጉ አክስቴ ሳህኑን ወደ በሩ ታስጠጋለች፣ ሲያጉረመርሙ መለስ ታደርገዋለች። እኔ ዳማን ልገሥጻት ስነሣ፣ “ተዋት፣ ራቁልኝ ማለቷ ነው፤ አፏን ብታስይዛት በጥፍሯ ትናገራለች” አለችኝ።

በረካው መተያየት ሆነ። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ በሩን ጋት ያህል ከፈተችው፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ፣ በማግሥቱም ትንሽ ጨመረች። ሁልጊዜ ግን ቀድማ የምትዳብሰው ዳማን ነበር። ያን ጊዜ ጥፋቴ ገባኝ፤ ለእንግዳዋ ስሳሳ የቤቱን ባለቤቶች ረስቻቸው ኖሯል። ሳፋዎቹንም አራት አድርጋ፣ ለሦስት ድመት አራት፣ በየማዕዘኑ አኖረቻቸው፣ ማንም የማንን መንገድ እንዳይዘጋ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ክረምቱ ወጣ። አንድ የመስከረም ጠዋት ዳማ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ግልገሏ መጣችና አንድ ክንድ ያህል ርቃ ተቀመጠች። ዳማ አየቻት፣ ዓይኗን ቀስ ብላ ጨፈነች፣ ቀስ ብላ ገለጠች፣ ከዚያም አገጯን መዳፏ ላይ አሳርፋ ተኛች።

አክስቴ ምንም አልተናገረችም። ጥላዋ እንዳያርፍባቸው የተቀመጠችበትን ዱካ ወደ ጎን ሳብ አደረገች።