የሪዮአንጂ ድንጋዮች

ከጃፓን ከተሞች መካከል በጥንታዊነቷ በተከበረችው በኪዮቶ፥ ከከተማይቱ በስተ ሰሜን ምዕራብ፥ ሪዮአንጂ የሚባል የቡድሃ ገዳም አለ። በገዳሙ አለቃ አዳራሽ በስተ ደቡብ 25 ሜትር ያህል ርዝመትና 10 ሜትር ያህል ወርድ ያለው፥ ላንድ አፍታ ለሚያየው ባዶ የሚመስል ግቢ ይገኛል። ኩሬ የለበትም፤ ዛፍ አልተተከለበትም፤ አበባም አይታይበትም። ያለው ነጭ ጠጠርና 15 ድንጋይ፥ በድንጋዮቹም ግርጌ የበቀለ አረንጓዴ ሽበት ብቻ ነው። ጃፓኖች ግን ይህን የአታክልት ስፍራ ይሉታል፤ እንዲህ ያለውንም ዓይነት «ካሬሳንሱይ» ብለው ይጠሩታል፤ ትርጓሜውም ደረቅ ተራራና ውሃ ማለት ነው።

ድንጋዮቹ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲቆጠሩ 5፥ 2፥ 3፥ 2፥ 3 እየሆኑ በአምስት ወገን ተከፍለዋል። በአዳራሹ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚመለከት ሰው ሁሉንም ባንድ ጊዜ ለማየት አይሆንለትም። ወደ ቀኝ ፈቀቅ ቢል ተሰውሮ የነበረው ይገለጥለትና ሲታየው የነበረው ይሰወርበታል፤ ወደ ግራም ቢመለስ እንዲሁ ነው። መነኮሳቱ ጠጠሩን ጥርስ ባለው የእንጨት መሣሪያ እየሳቡ ቀጥ ያለ መስመር ያወጡለታል፤ በድንጋዮቹ ዙሪያ ሲደርስ ግን መስመሩ የደሴት ዳር እንደሚከብብ ማዕበል ክብ ይሆናል። ከወዲያ ማዶ ጥቂት ከሰው ቁመት የማይበልጥ የጭቃ ግንብ ቆሟል። ጭቃው በዘይት ተለውሶ ስለ ነበረ፥ በዘመን ብዛት ዘይቱ እየወጣ ግንቡን ማንም ሠዓሊ ያልሣለው ቡናማና ወርቅማ መልክ ሰጥቶታል። እኔ እንደሚመስለኝ ስለ ድንጋዮቹ ብዙ የጻፉ ሰዎች ለዚህ ግንብ የሚገባውን ያህል ዋጋ አልሰጡትም።

በዚህ ስፍራ የሚገኘው ጸጥታ እጅግ የሚደነቅ ነው። ታሪኩን የመረመረ ሰው ግን መነሻው ከጦርነት ሠፈር መሆኑን ያገኛል።

ገዳሙን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1450 ዓ. ም. ያቆመው ሆሶካዋ ካትሱሞቶ የተባለ ታላቅ መስፍን ነው። ቦታው ቀድሞ የፉጂዋራ ዘር የሆኑ መኳንንት ርስት ነበር። በዚያን ጊዜ የሀገሪቱ የጦር አለቃ አሺካጋ ዮሺማሳ ወራሽ ስላልነበረው ወንድሙን ወራሽ አድርጎ ከሠየመ በኋላ ወንድ ልጅ ተወለደለት። መሳፍንቱም ገሚሱ ከወንድሙ፥ ገሚሱ ከልጁ ጋር ተሰለፉ። ካትሱሞቶ የአንደኛው ወገን መሪ ሲሆን፥ የሁለተኛው ወገን መሪ የገዛ አማቱ ያማና ሶዜን ነበር። በ1467 ዓ. ም. የተጀመረው ይህ የኦኒን ጦርነት እስከ 1477 ዓ. ም. ድረስ ቆይቶ ኪዮቶን አመድ አደረጋት። አማቹና አማቱ የጦርነቱን ፍጻሜ ሳያዩ ሁለቱም በ1473 ዓ. ም. ሞቱ። ሪዮአንጂም ከተቃጠሉት ገዳማት አንዱ ሆነ። የካትሱሞቶ ልጅ ማሳሞቶ ከ1488 ዓ. ም. ጀምሮ አሳድሶ አሠራው።

እንግዲህ ድንጋዮቹ የተተከሉት በዚህ እድሳት ጊዜ ነው የሚሉ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ የሚቃወሟቸው አልጠፉም፤ ክርክራቸውም መሠረት አለው። በ1588 ዓ. ም. ኃያሉ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ከባለሟሎቹ ጋር ሪዮአንጂን በጎበኘ ጊዜ የተገጠሙት ግጥሞች የሚያወሱት ቅርንጫፉ ወደ ታች የተዘናፈለውን የቼሪ ዛፍ ነው፤ ስለ ድንጋዮቹ አንድም ቃል የለም። ከዚያ በኋላ በ1680ዎቹ መጀመሪያ የተጻፈ ሰነድ የነብር ግልገሎች ወንዝ ሲሻገሩ ይመስላሉ የተባሉ 9 ትልልቅ ድንጋዮች እንደ ነበሩ ይናገራል። ዛሬ የሚታዩት ግን 15 ናቸው። ትንንሾቹ ሳይቆጠሩ ቀርተው ይሆን፥ ወይስ አሠራሩ ኋላ ተለውጦ? የዝምታው ነገር በበኩሌ አያሳምነኝም፤ ከመስፍን ጋር የመጣ ገጣሚ ዛፉን ትቶ ድንጋይ ያወድሳል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል። የቁጥሩ ነገር ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ሥራው የማን እንደ ሆነም የተለያየ ወሬ አለ። የቆየው ልማድ በ1525 ዓ. ም. ለሞተው ለሥመ ጥሩው ሠዓሊ ለሶአሚ ይሰጠዋል። ነገር ግን ከድንጋዮቹ በአንደኛው ጀርባ፥ ከበረንዳው ሆኖ ለሚመለከት ሰው በማይታይበት በኩል፥ የሁለት ሰዎች ስም ተቀርጿል። አንደኛው ኮታሮ ይላል። የሁለተኛው ጽሕፈት ስለ ደበዘዘ ሂኮጂሮ ሲሉ የሚያነቡት አሉ፤ ሴይጂሮ የሚሉትም አሉ። እነዚህ ሰዎች «ካዋራሞኖ» ከሚባሉት፥ ማለት ከወንዝ ዳር ሰዎች ወገን እንደ ነበሩ ይገመታል።

ካዋራሞኖዎች ከብት አራጆች፥ ቆዳ ፋቂዎችና ጉድጓድ ቆፋሪዎች ነበሩ። ሕይወት ማጥፋትን የሚያወግዘው የቡድሃ ሃይማኖት በተስፋፋበት ሀገር፥ ሥጋውን የሚበላውና ቆዳውን የሚጫማው ሕዝብ እነርሱን ርኩሳን ብሎ ከከተማ አወጣቸው። ጎርፍ በሚያጥለቀልቀውና ግብር በማይጣልበት የወንዝ ዳር ምድር ሰፈሩ። አፈር መቆፈርና ከባድ ድንጋይ ማጓጓዝ የእነርሱ ሥራ ስለ ነበረ፥ ቀስ በቀስ የአታክልት ስፍራ ጥበብ በእጃቸው ገባ። በ11ኛው መቶ ዓመት እንደ ተጻፈ የሚታመነው «ሳኩቴይኪ» የተባለው መጽሐፍ፥ ተካዩ አንደኛውን ድንጋይ ካኖረ በኋላ የቀሩትን ያ ድንጋይ እንደሚፈልገው አድርጎ ይትከል ሲል ያስተምራል። ይህን ከመጽሐፍ ያነበቡት መኳንንት ብዙ ሲሆኑ፥ በእጃቸው የፈጸሙት ግን ካዋራሞኖዎች ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ ዘንአሚ በጥበቡ ከሁሉ በልጦ፥ ያው ዮሺማሳ በታመመ ጊዜ መድኃኒት እስከሚልክለት ድረስ ተወዷል።

ስለዚህ ኮታሮና ጓደኛው ስማቸውን ለምን ከጀርባ እንደ ቀረጹ መገመት አያስቸግርም። መጽሐፍ አልጻፉም፤ በመጽሐፍም አልተጻፉም። የነበራቸው ድንጋዩና መሮው ብቻ ነበር።

በ1797 ዓ. ም. እሳት አዳራሹን ዳግመኛ በላው። አሁን የቆመው በ1606 ዓ. ም. ለሌላ ቤት ተሠርቶ ከዚያ ተነቅሎ የመጣ ነው። የግንቡም ክዳን ብዙ ጊዜ በሸክላ ቆይቶ፥ በ1977 ዓ. ም. እንደ ቀድሞው በዛፍ ልጥ ተለበጠ። ገዳሙ በ1994 ዓ. ም. ከኪዮቶ ጥንታውያን ሥራዎች ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

ከእሳቱ በኋላ በ1799 ዓ. ም. አኪሳቶ ሪቶ የተባለ ጸሐፊ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የዚህ ስፍራ ሥዕል ይገኛል። በሥዕሉ ላይ ጎብኚዎች ጠጠሩን እየረገጡ በድንጋዮቹ መካከል ይዘዋወራሉ። ዛሬ ይህ ለእንግዳ አይፈቀድም። መስመሩን የሚያወጣው ሰው ግን ከግንቡ በኩል ባለፈ ቁጥር በድንጋዩ ጀርባ ያሉትን ሁለት ስሞች ሊያይ ይችላል።