በታክሲ ወንበር ላይ የቆየ ሙዚቃ

በዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ የጠበቃችሁ አባላት ይህን ታሪክ ሳታውቁት አትቀሩም። ኃይሉ መርጊያ በ14 ዓመታቸው በራሳቸው ጥረት ከአኮርዲዮን ጋር ተዋወቁ፤ ኋላም ኦርጋን ጨምረው ከዋልያስ ባንድ ጋር አዲስ አበባ ሂልተንን አደመቁት። ባንዱ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሲመጣ እርሳቸው ዋሽንግተን ቀሩ። በ1985 አኮርዲዮኑንም፣ ኪቦርዱንም፣ የከበሮ ማሽኑንም ብቻቸውን ይዘው አንድ ካሴት አወጡ። ከዚያ ኑሮ ነውና ታክሲ ያዙ።

እኛ ተራ ስንጠብቅ በፖለቲካ እንጨቃጨቃለን፤ እርሳቸው ግን ኪቦርዳቸውን ከመኪናው ኋላ አውጥተው፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመዱ ነበር። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም የውጭ አገር መድረኮች ጠሯቸው፤ ያውም ስልሳውን ካለፉ በኋላ! በ2018 አዲስ አልበም አወጡ። አኮርዲዮኑም አለበት።