የወባ መከላከያ ትምህርት በደሴ ዙሪያ፦ እርስዎና ቤተሰብዎ ማወቅ ያለባችሁ

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሥዕላዊ መግለጫ ይዛ ቤትዎ ስትመጣ፣ ወይም ጤና ጣቢያ ተራ ሲጠብቁ ስለ ወባ ትምህርት ሲሰጥ፣ «ይሄ የቆላ ሰው ጉዳይ ነው» ብለው ያልፉት ይሆናል። ደሴ የሚኖሩ ከሆነ በተለይ እንዲህ ማሰብዎ አይገርምም። ነገር ግን ወባ ካለበት አካባቢ የሚለይዎት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ብቻ ነው።

ወባ የደሴን ሰው ለምን ይመለከታል?

በኢትዮጵያ ወባ በብዛት የሚተላለፈው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛሉ። ወደ ሐርቡ፣ ከሚሴና ባቲ ሲወርዱ ሙቀቱም ትንኙም ይጨምራል።

የደሴ ሰው ለንግድ፣ ለዘመድ ጥየቃ ወይም ለቀን ሥራ ወደ ቆላ ወርዶ ይነከስና ሳያመው ይመለሳል። ትኩሳቱ የሚጀምረው ከተነከሰ ከ7 ቀን በኋላ፣ አንዳንዴም ሳምንታት ቆይቶ ነው። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «ብርድ መታኝ» ይላል እንጂ ወባን አያስብም። ወባ በሌለበት ያደገ ሰው ሰውነቱ በሽታውን ስላልለመደው ቶሎ ይጠናበታል።

ይህ በታሪክም ታይቷል። በ1958 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው አካባቢዎች ወረርሽኝ ተነስቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። በቅርቡም በ2024 እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል።

ስለዚህ ትኩሳት ይዞዎት ጤና ተቋም ሲሄዱ፣ ባይጠየቁም እንኳ «በቅርቡ ቆላ ደርሼ ነበር» ብለው ይናገሩ።

ሥዕሎቹ ምን ያስተምራሉ?

1. ወባ የሚተላለፈው በትንኝ ንክሻ ነው። የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ብዙ ሰው ወባ የበቆሎ እሸት በመብላት ይይዛል ይላል። እሸት የሚደርሰውና የወባ ወቅት የሚጀምረው በአንድ ሰሞን ስለሆነ ነው እንዲህ የሚታሰበው። በምዕራብ ጎጃም ቡሬ አካባቢ የተደረገ ጥናት ደግሞ የበቆሎ አበባ ብናኝ ውሃ ላይ ሲወድቅ ለትንኝ እጮች ምግብ እንደሚሆን አሳይቷል። እሸቱን መብላት አያሳምምም። በቆሎውን ግን ከመኖሪያ ቤት ራቅ አድርጎ መዝራት ይጠቅማል።

2. አጎበር በየሌሊቱ ይዘርጉ። ጫፉን ከፍራሹ ሥር ያስገቡ። አጎበሩ ለሁሉም ካልበቃ ነፍሰ ጡሮችና ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ይቅደሙ። ሲቆሽሽ በተራ ሳሙና በቀስታ ያጥቡትና ጥላ ላይ ያስጡት። በረኪና ኬሚካሉን ያበላሸዋል። የተቀደደውን ይስፉ። ቆላ ሲወርዱም ይዘውት ይሂዱ።

3. ቤትዎ ኬሚካል ከተረጨ ግድግዳውን አይለቅልቁ፣ ቀለምም አይቀቡ። ትንኟን የሚገድለው ግድግዳው ላይ የቀረው ኬሚካል ነው።

4. ያቆረ ውሃ በየሳምንቱ ያፋስሱ ወይም ይድፈኑ። እንቁላል አድጎ ትንኝ የሚሆነው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነ በየሳምንቱ መሥራት ዑደቱን ይሰብራል። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ሥራው ይበልጥ ያስፈልጋል። በርሜልና ሮቶም ክዳን ይኑራቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. በቀብሪ ደሃር መኖሯ የታወቀው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች።

5. ትኩሳት ከጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመሩ። ጤና ኬላ ላይ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም ውጤቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይታወቃል።

መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ይውሰዱ

በኢትዮጵያ በብዛት የሚታዩት የወባ ዓይነቶች ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ናቸው። ለፋልሲፓረም የሚሰጠው ኮአርተም ለ3 ቀን ይወሰዳል። ሁለተኛው መጠን ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ ጋር ነው። በተለይ ወተት ወይም ቅባት ያለው ምግብ መድኃኒቱ በደንብ እንዲሠራ ይረዳል።

ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። ለዚህ ነው ፕሪማኩን የሚታዘዘው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀን ይወሰዳል። ፕሪማኩን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ እርጉዝ ከሆኑ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩ። ሻል ሲልዎት አያቋርጡ፣ የተረፈ ክኒን ለሌላ ሰው አያካፍሉ።

በምርመራ ወባ ካልተገኘ የወባ መድኃኒት አይውሰዱ። ትኩሳቱ የታይፎይድ ወይም የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል መንስኤው ይፈለግ።

ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች

• ራስን መሳት፣ መቃዠት ወይም መንፈራገጥ
• የወሰዱትን ሁሉ ማስታወክ፤ ሕፃን ከሆነ መጥባት አለመቻል
• ለመተንፈስ መቸገር
• የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር
• የመዳፍ መንጣት፣ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ወይም መቆም አለመቻል

ትምህርቱን ለቤተሰብ ያድርሱ

ባለሙያዋ ስትመጣ ቤት ያሉት ሁሉ ይስሙ፤ በተለይ ወደ ቆላ የሚመላለሰው ሰው አይቅር። ሥዕሉን ብቻ አይተው አይሸኟት። አጎበሩን እፊቷ ይስቀሉ፣ ትክክል መሆኑን ይጠይቋት። የሰሙትን በራስዎ አነጋገር መልሰው ይንገሯት፤ የተሳተ ነገር ካለ እዚያው ይታረማል። ያልገባዎትን ወይም ከአያቶች ሲነገር የሰሙትን ለመጠየቅ አይፈሩ። ቤተሰቡ ውስጥ ነገ ወደ አፋር ወይም ወደ መተማ የሚሄድ ካለም ስንቁን ሲያዘጋጁ አጎበር ይጨምሩለት፤ ሲመለስ ትኩሳት ከያዘው በዚያው ቀን እንዲመረመር ያድርጉ።