ኢማሙ ከወረደ በኋላ፤ አብዱላ ሳላልና የየመን ሪፑብሊክ

አንድ የጦር አለቃ የጌታውን ቤተ መንግሥት መትቶ በስፍራው ሲቀመጥ፥ የታሪክ ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምሩት ሥልጣኑን በምን ኀይል እንደ ያዘ ነው። የሕዝብን ልማድ የሚያጠና ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ሊጨምር ይገባዋል፤ ይኸውም የወረደው ገዢ ይፈጽመው የነበረውን ተግባር ከዚያ ወዲህ ማን ፈጸመው? የሚል ነው። የየመን ታሪክ ለዚህ መልካም ምሳሌ ይሆናል።

በሰሜን የመን የዘይዲዎች ኢማምነት የተመሠረተው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ897 ዓ.ም. ነው። መሥራቹ ያሕያ ኢብን አል ሑሴን በጠብ ላይ የነበሩትን ነገዶች እንዲያስታርቅ ተጠርቶ ከሒጃዝ የመጣ ሰው ነበረ። በዘይዲዎች ሕግ ኢማም የሚሆነው ከዓሊና ከፋጢማ ዘር የተወለደ፥ በዕውቀቱና በጀግንነቱም የተመሰከረለት ሰው ነው። ስለዚህ ኢማሙ ንጉሥ ብቻ አልነበረም፤ ከነገዶቹ የአንዱም ወገን ስላልሆነ በሁሉም መካከል ገላጋይ ሊሆን ይችል ነበር።

ኢማም አሕመድ በመስከረም 1962 ሲሞት ልጁ ሙሐመድ አል በድር ተተካ። አንድ ሳምንት ያህል እንደ ገዛ፥ በዚያው ወር በ26ኛው ቀን መኰንኖች በሰነዓ ቤተ መንግሥቱን በታንክ መቱት፤ የክብር ዘበኛው አዛዥ ኮሎኔል አብዱላ ሳላልም የሪፑብሊኩ መሪ ሆነ። ሳላል ከሰይዶች ወገን አልነበረም፤ በባግዳድ የጦር ትምህርት የተማረ፥ በ1948 ከከሸፈውም ዐመፅ በኋላ ለብዙ ዓመታት የታሰረ መኰንን ነበረ።

አል በድር ግን አምልጦ ወደ ሰሜን ተራሮች ወጣና ነገዶችን አሰባስቦ በሳውዲ ዓረቢያ ርዳታ ተዋጋ። ሳላልን የረዳው የግብፅ ሠራዊት ሲሆን ቍጥሩ እየጨመረ እስከ 70,000 ገደማ ደረሰ። ከሐሺድ ነገድ የአል አሕማር ቤት ከሪፑብሊኩ ጋር የቆመበትም አንዱ ምክንያት፥ ኢማም አሕመድ ሼኩንና ልጁን ስላስገደላቸው ነው። እንግዲህ ሳላል ያገኘው ድጋፍ ደም መላሽ ያመጣለት እንጂ ለሹመቱ የተሰጠ ታዛዥነት አልነበረም።

ግብፅ በ1967 በእስራኤል ድል ከሆነች በኋላ ሠራዊቷን ስታስወጣ፥ ሳላል በኅዳር 5 ቀን ለጕብኝት ከአገር እንደ ወጣ ተሻረ። የተተካው ዓብዱራሕማን አል ኢርያኒ ወታደር ሳይሆን ቃዲ ነበረ፤ ሰይድም አልነበረም። በርሱም ዘመን፥ በ1970፥ ከሳውዲ ዓረቢያ ጋር ስምምነት ተደርጎ ከኢማሙ ቤተ ሰብ በቀር የንጉሣውያኑ ወገኖች ወደ መንግሥቱ ገቡ።

ኢርያኒም ራሱ በ1974 በኮሎኔል ኢብራሂም አል ሐምዲ ስለ ወረደ፥ የዕርቅ ሰው ከጦር ሰው ይልቅ ጸንቶ ይገዛል ለማለት አንደፍርም። ነገር ግን ሳላል በአምስት ዓመት ጦርነት ያላገኘው ሰላም የተገኘው፥ ከኢማሙ ሥራዎች አንዱ የሆነው ማስታረቅ ያለ ኢማም ዘር ዳግመኛ በተሠራ ጊዜ ነው። የዘውድን መውደቅ የሚያጠና ሰው ከጦር ሰፈሩ ይልቅ ይህን የሽምግልና ሥራ ቢከታተል የበለጠ ይረዳል።